አርባ ሁለት ኩንታል የቻለ ውዳቂ

ተምሮ አገር የሚገነባ አለ። እኔ ተምሬ የሰበርኩ ነኝ፤ ያውም በደብዳቤ ታዝዤ፣ ማኅተም ተመትቶልኝ፣ «አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት» ተብሎ ተጽፎልኝ። ሌላው ሰው በስህተት ያጠፋል፤ እኔ ግን በዕቅድ ነው ያጠፋሁት። ሥራ ያላችሁ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ኑ፤ ነገር ማሳጠር የሚባል ትምህርት እኛ ክፍል አልተሰጠም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነበር፤ እኔም አዲስ አበባ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ። የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ አጋጥሟችሁ ከሆነ ዓመሉን ታውቁታላችሁ። መሐንዲስ ለመሆን ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ በራሱ ቤት ግን መሐንዲስ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። የቤታችን በር ሲከፈት ይጮህ ነበር። እኔ ስለ ሰበቃ ሕግ ለእናቴ አስረዳኋት እንጂ ተነስቼ ዘይት አልቀባሁትም። «ልጄ ተማረልኝ» እያለች ለጎረቤት ታወራለች፤ በሩ ግን እስከዛሬ ይጮሃል።

ክረምት ሲገባ ለተግባር ልምምድ በየአገሩ ተበተንን። የእኔ ዕጣ ሆሳዕና፣ ሥራዬም የመኪና ባሌስትራ መፈተሽ ሆነ። ባሌስትራ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከጎማው በላይ ታስሮ ጭነቱን የሚሸከመው፣ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የሚያረገርገው ቀስት መሳይ ብረት ነው። እሱ ከተሰበረ መኪናው በአንድ ጎኑ ይቀመጥና ጉዞ ያበቃል። አስተማሪያችን ሳቅ በሐኪም የተከለከለ የሚመስል ሰው ነበር። «ብረት ምን ያህል እንደሚችል የሚታወቀው ሲያቅተው ነው» አለኝ። «ሦስት ባሌስትራ እስኪሰበር ድረስ ጫን። በስንት ኩንታል እንደተሰበረ ጽፈህ ና። ሳትሰብር ከመጣህ ዓመቱን ትደግማለህ።»

እንግዲህ ዘመኑን አስቡት። ስኳር በሰልፍ ነው፣ ሳሙና በሰልፍ ነው። የመኪና ዕቃማ ሰልፉም የለም። ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ነህ ወይ» ከመባባላቸው በፊት «ጎማ አገኘህ ወይ» ይባባሉ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እኔ ዕቃ ልሰብር ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሆሳዕና ከተማ የወረድኩት።

የአውራጃው ጋራዥ ኃላፊ ጓድ ተሾመ ይባላል። ከተሾመ አምስት ወሩ ነው፤ ከመኪና ይልቅ ስብሰባ የሚያውቅ፣ ክፋት የሌለበት ሰው። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እስኪሰበር ድረስ ይላል።»

«አዎ ጓድ፣ እስኪሰበር ድረስ።»

«ማን ነው የሚሰብረው?»

«እኔ ነኝ።»

በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ ተማሪ፣ ይህን ነገር ውጭ ጮክ ብለህ አትናገር። የመንግሥት ንብረት መስበር ስም አለው። አሻጥር ይባላል።» የዚያን ጊዜ በዚያ ቃል የተጠራ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የኖረ ያውቀዋል። ትንሽ አሰበና መላ አመጣ። መጋዘን ውስጥ ያለውን እንዳልነካ፣ ከጓሮው የውዳቂ ብረት ክምር ግን የፈለግሁትን አንስቼ እንድሰብር ፈቀደልኝ። ውዳቂ ቢሰበር ውዳቂ ነው፤ ማን ይጠይቃል?

የጋራዡን ዋና መካኒክ ጋሽ ኑርዬን የተዋወቅኋቸው ያን ዕለት ነው። የጃጁራ አገር ሰው ናቸው፤ ነጭ ቆብ ያደርጋሉ። ሞተር ሲመረምሩ አንድ ዱላ ቢጤ እንጨት ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔንም እንደዚያው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ስጨርስ «እዚህ ሰው የሚመጣው የተሰበረ ይዞ ነበር» አሉ። «ለመስበር የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ።» ጭነቱን እየደጋገምን ብረቱን እንደምናደክመውም ነገርኳቸው። «ብረት ከደከመ እኛማ ምን እንሁን» ብለው ሄዱ።

ያረፍኩት ጋሽ ከድር ቤት ነው። ጋሽ ከድር የሆሳዕናና የዱራሜን መንገድ በጭነት መኪና የሚመላለስ የአውራጃው ሹፌር ነው። ግን በዚያ ሰሞን እሱም መኪናውም ቆመው ነበር። የኋላ ባሌስትራው ከተሰበረ ሁለት ወር አልፎታል፤ መኪናው በድንጋይ ካብ ተደግፎ ጋራዡ ግቢ ተቀምጧል። እሱ ታዲያ ጠዋት ጠዋት መጥቶ የማይንቀሳቀሰውን መኪና ያጥበው ነበር። እኔ መጀመሪያ ሳቅኩ። ኋላ ነገሩን ስሰማ ሳቄ ጠፋ። ከበላይ ትእዛዝ መጥቷል፤ መኪናው እስከ ቅዳሜ ካልተንቀሳቀሰ ለሌላ አውራጃ ይዛወራል፣ ሹፌሩም ከነመኪናው ይሄዳል። ጋሽ ከድር ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሉት፤ ከእሱ እጅ ካልሆነ ከማንም እጅ የማይጎርሱ። እኔ በዚያ ቤት ቆጮውን ከአይብ ጋር እያጣጣምኩ፣ አሮጊቷ በየምሽቱ «ከድር፣ ስንት ቀን ቀረ?» ሲሉት እሰማ ነበር።

ሰኞ ማታ ጋሽ ከድር ፊቱ በርቶ ገባ። «እንግዳዬ፣ ባሌስትራው ተገኝቷል። የቀረን ማያያዣው ፔርኖ ነው። ነገ ከጋሽ ኑርዬ ጋር ቦኖሻ ሄደን እንፈልጋለን» አለኝ። ደስ አለኝ። ባሌስትራው የት እንደተገኘ፣ የት እንደተቀመጠ ግን አልጠየቅኩም። መጠየቅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሥራ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እነሱ ወደ ቦኖሻ፣ ጓድ ተሾመ ወደ ስብሰባ፣ እኔ ወደ ሥራ።

መጋዘኑን በመስኮት አየሁት። እንዴት ያለ መጋዘን መሰላችሁ! ባሌስትራው ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ መደርደሪያ ላይ ተሰልፏል። ጓሮ ያለው ክምር ደግሞ ዓይን አይቶ የሚተወው ነው፤ ጭቃ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ዝገት፣ ከላዩ የበሰበሰ ጆንያ። የጋራዡ በያጅ ላምቤቦ ሊያግዘኝ ተመደበ። አንድ ቀጭን ባሌስትራ ከላይ አነሳሁ፤ ላምቤቦ ዝም አለ። ሁለተኛ አነሳሁ፤ ዝም አለ። ከታች በጆንያ የተሸፈነውን፣ ጭቃ የተለሰነውን ወፍራም ባሌስትራ ስጎትት ግን ሳል ያዘው።

«የብየዳ ጭስ ነው፤ ወተት ጠጣ» አልኩት።

ባሌስትራውን ወደ ግቢው ስጎትት ሳሉ ባሰበት። ቆም ስል ይተወዋል፣ ስጎትት ይነሳበታል። ሌሎቹ ሠራተኞች እሱን ያዩታል፣ እሱ ሰማይ ያያል። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው የቀረው ነገር ቢኖር መሬት ላይ ወድቆ መንፈራገጥ ብቻ ነበር። የኃላፊው ጸሐፊ በመስኮት ቁጭ ብላ እያየች፣ ይህ እኮ ደህናው ነው ብሎ እንዴት ይናገር? እኔ ውኃ አስመጣሁለት።

የፈተና መሣሪያ የለም። እኔ ግን መሐንዲስ ነኝ። የአሮጌ መኪና የጭነት ወለል አንዱን ወገን በድንጋይ ካብ ላይ፣ ሌላውን ወገን በባሌስትራው ላይ አሳረፍኩ። (እዚህ ላይ «ታዲያ ግማሹን ጭነት ድንጋዩ ተሸክሞልሃል እኮ» የሚለኝ የተማረ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። እኔ ግን ያን ያሰብኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ጥርሴን ስፍቅ ነው።) ክብደቱ የታወቀ ጭነት ሲያስፈልገኝ ከጋራዡ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የጉራጌው ነጋዴ ጋሽ ሽኩር ደረሱልኝ። ሃያ ኩንታል ጨው በክረምቱ እርጥበት ይዞባቸው ፀሐይ ሊያስመቱት ይፈልጉ ነበር። «አንተ ትፈትናለህ፣ እኔ አደርቃለሁ» አሉና ጆንያውን በሸክም አስመጥተው፣ ደመና ቢመጣ ብለው ጃንጥላ ይዘው አጠገቡ ቆሙ።

የመጀመሪያው በስድስት ኩንታል ተሰበረ። ጻፍኩ። ሁለተኛው በዘጠኝ። ጻፍኩ። ወፍራሙ ቀረበ፤ ላምቤቦም ሳለ።

ዐሥር ኩንታል ጫንን፤ ዝም። ሃያውም ጨው አለቀ፤ ዝም። አምስት ኩንታል የሚመዝን የሞተ ሞተር አከልን፤ ጎንበስ አለና ተመልሶ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ብረት አይቼ አላውቅም። እልህ ያዘኝ። አስተማሪዬ «ሳትሰብር እንዳትመጣ» ብሎኛል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ ወረቀትም ይዣለሁ። የሚጫን ሲጠፋ ሰው ላይ ዓይኔን ጣልኩ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው ሕዝብ ብዙ ነው። «ውጡበት» ስላቸው አላስለመኑኝም፤ ለሳይንስ የማይሰለፍ ሕዝብ የለም። ችግሩ ኪሎውን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። በግምት ልጽፍ ብል አዲስ ጣጣ ወጣ። አንዱን ቦርጫም የከብት ነጋዴ «ሰባ ኪሎ» ብዬ ስጽፍ ፊቱ ጠቆረ።

«ማን ነው ሰባ? እኔን ነው?»

«ስንት ልበል ታዲያ?»

«እኔ ሙሉ ሰው ነኝ። መቶ በል።»

መቶ አልኩ። ይህን የሰማ ቀጭኑ ጎረቤቱ «እሱ መቶ ከሆነ እኔ ከሰማንያ አልወርድም» አለ። ክብርን በኪሎ ሳከፋፍል ረፈደ። አንዲት ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው የያዙ እናት ብቻ «እኔን ከቅቤው ጋር አንድ አድርገህ ጻፍ፤ ለየብቻ አንሆንም» አሉኝ። በመጨረሻ ሃያ ኩንታል ጨው፣ አምስት ኩንታል ሞተር፣ ዐሥራ ሰባት ኩንታል ሕዝብ ሆነ። አርባ ሁለት ኩንታል።

አሁንም አልተሰበረም። እንግዲያው ዝለሉ አልኩ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ ዜማ አወጣ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ሃያ ምናምን ሰው በአንድ ላይ ይነሳል፣ በአንድ ላይ ይወርዳል። ላምቤቦም ተጎትቶ ወጥቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲወርድ እሱ ብቻ በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲያርፍ አይቼ «ላምቤቦ፣ ጠንከር አድርገህ እንጂ» ብዬ ተቆጣሁት። ምስኪን፣ ለባሌስትራው እያዘነ ነበር።

ስድስተኛው ዝላይ ላይ ጧ አለ። ወለሉ ዘነበለ፣ ጆንያው ተንከባለለ፣ ሰዉ እየሳቀ በላይ በላዩ ወደቀ፤ ማንም አልተጎዳም፣ ቅቤውም ተርፏል። ሦስት ጆንያ ተቀዶ ጨዉ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል የሚለውን ተረት በዓይኑ ያየ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ጋሽ ሽኩርና ላምቤቦ በሁለት ወገን ቆመው ሊያለቅሱ ደርሰዋል፣ እኔ መሃል ቆሜ አጨበጭባለሁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጋሽ ከድርና ጋሽ ኑርዬ ተመለሱ። ጋሽ ከድር ፔርኖውን በመሐረብ ጠቅልሎ እንደ ዕንቁላል ይዞታል። ሲስቅ ያን ያህል ጥርስ እንዳለው አላውቅም ነበር። እኔም ደስታዬን ላካፍለው ሮጥኩ፤ «ጋሽ ከድር፣ አርባ ሁለት ኩንታል የቻለ ውዳቂ ሰበርኩ» አልኩት። ግቢው መሃል የተኛውን ሁለት ቁራጭ ብረት አየ። ሄዶ ጎንበስ አለና ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ፔርኖውን መልሶ በመሐረቡ ጠቀለለና ኪሱ ከተተ።

ጋሽ ኑርዬ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«አየህ ልጄ» አሉ፣ «በዚህ ጋራዥ ደህና ዕቃ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። መደርደሪያ ላይ ያለ ይወሰዳል። ከበላይ የመጣ ሰው ሁሉ መጋዘን ያስከፍታል፤ ይህ ለእገሌ አውራጃ ያስፈልጋል ይልና ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ የተሰነጠቀውን ቀለም ቀብተን መደርደሪያ ላይ እንሰቅላለን። ደህናውን ጭቃ ቀብተን እንጥላለን።»

«የጋሽ ከድር ባሌስትራ…»

«እሱ ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁልጊዜ የሚነካው የሚያብረቀርቀውን ነው። ጓድ ተሾመ ውዳቂውን እንደፈቀደልህ የነገረን የለም፤ አንተ ውዳቂ ትነካለህ ብሎ ማን ያስባል?»

እናንተዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ያን ዕለት እራት ቀርቦ መጉረስ አቃተኝ። አሮጊቷ «ከድር፣ ስንት ቀን ቀረ?» ሲሉ ጋሽ ከድር «አራት» አለና የእናቱን ጉርሻ ጠቀለለ። እኔን «ብላ እንጂ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተስፋ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ክምሩ ውስጥ አንድ ሌላ ባሌስትራ አለ፤ ከተሰበረው ትንሽ ያንሳል፣ ላምቤቦ በእሳት ጫፍና ጫፉን ካስተካከለው ለጋሽ ከድር መኪና ይሆናል፤ ሁለት ቀን ይፈልጋል። እንዲህ ተባብለን ሳናበቃ ረቡዕ ጠዋት ጓድ ተሾመ ሠራተኛውን ሁሉ ስብሰባ ጠራ። ውጤቴን ጸሐፊዋ ነግራው ሌሊቱን ሲደሰት አድሯል።

«ጓዶች» አለ፣ «የእኛ ውዳቂ አርባ ሁለት ኩንታል ችሏል። የሌላው አውራጃ አዲሱ ይህን አይችልም። ስለዚህ ክምሩን በሙሉ ለክፍለ ሀገሩ ልናበረክት ነው። ከዚህ ስብሰባ እንደወጣሁ ስልክ እደውላለሁ፣ ነገ መጥተው ይጭኑታል።» አጨበጨበ። ሠራተኛው የሞተ ሰው እንደሚያጨበጭበው አጨበጨበ።

ጋሽ ኑርዬን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ላምቤቦ ሳል ጀመረ። ጋሽ ከድር ወለሉን ያያል። ማናቸውም መናገር አይችሉም፤ ቢናገሩ ደህና ዕቃ መደበቃቸውን ማመናቸው ነው። መናገር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ባሌስትራውን የሰበረው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ግለ ሂስ አለኝ።»

«ቀጥል ጓድ።»

«ስሌቱ ላይ ተሳስቻለሁ። በዐሥር ማካፈል ረስቼ ነው። የቻለው አራት ኩንታል ከሃያ ኪሎ ነው።»

ጓድ ተሾመ መነጽሩን አወለቀ። «ሃያ ኩንታል ጨው ተጭኖበት አልነበረም እንዴ?»

«ጨዉ እርጥብ ነበር ጓድ» አልኩ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ጋሽ ኑርዬ ዓይናቸውን ገለጡ። «እርጥብ ጨው አይታመንም» አሉ ረጋ ብለው።

«ሕዝቡስ? ሃያ ምናምን ሰው ነበር አሉኝ።»

«ይዘሉ ነበር ጓድ። የሚዘል ሰው አየር ላይ ነው። አየር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ባሌስትራው ላይ የለም።»

ጓድ ተሾመ መነጽሩን መልሶ አደረገ። አላዋቂ መስሎ መታየት አልፈለገም። «ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ፣ «አየር ላይ ነው።» ስልኩም ቀረ፣ ክምሩም ተረፈ። እኔ ግን አልተረፍኩም። ያን ዕለት በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ተጻፈብኝ፤ ተማሪው ትጉህ ቢሆንም ማካፈል እንደማይችል፣ ከእንግዲህም ምንም ነገር እንዳይሰብር መታዘዙን የሚገልጽ። ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ከድር በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ፤ ቶሎ አለቀቀኝም።

ላምቤቦ ሁለት ቀን ሳይስል ሠራ። ቅዳሜ ማለዳ መኪናው ከድንጋዩ ካብ ወረደ። ሰው ሳይጠራ መጥቶ ተሳፈረ፣ ጋሽ ሽኩር የተረፈውን ጨው ጫኑ። ጋሽ ከድር ጥሩንባውን ነፍቶ ከግቢው ሲወጣ አየሁ፤ እኔ አዲስ አበባ የምሄድበት አውቶቡስ ሊነሳ ስለነበር ከዚያ በላይ አላየሁም።

አስተማሪዬ ሪፖርቴን ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ደገመው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዛጉ ናቸው ቢባል ይሁን። ሦስተኛው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«በጣም ወፍራም፣ ስንጥቅ የሌለው፣ አራት ኩንታል ከሃያ። ይህ እኮ እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዘን ብንቀመጥበት ይሰበራል ማለት ነው።»

እኔም ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን እንደ አዲስ አየሁት።

«ሁለት ነገር ነው። ወይ የሆነ ነገር ደብቀህ ውሸት ጽፈሃል፤ እንደዚያ ከሆነ አጣሪ ሰው ሆሳዕና እንልካለን። ወይ ደግሞ ሦስት ዓመት ተምረህ መለካት አታውቅም። የትኛው ነው?»

አጣሪ ሄዶ ጓሮውን ሲቆፍር ታየኝ። አሮጊቷ «ስንት ቀን ቀረ» ሲሉ ተሰማኝ። ለዚያች ትምህርት እናቴ ምን እንደሆነች እኔ ነኝ የማውቀው።

«መለካት አላውቅም ጌታዬ» አልኩ።

ዓመቱን ደገምኩ። በቀጣዩ ክረምት አስተማሪዬ «እዚያው ሄደህ ለክተህ ና» ብሎ ያንኑ ደብዳቤ፣ ያንኑ ማኅተም ሰጠኝ።

ሆሳዕና ከአውቶቡስ ስወርድ የጋሽ ከድር መኪና የቦኖሻ በርበሬ ተጭኖ ወደ ዱራሜ ሊነሳ ደርሷል። ጋቢና ውስጥ አንዲት አራስ ከነልጇና ጓድ ተሾመ ተቀምጠዋል፤ ጓድ ተሾመ ዱራሜ ስብሰባ አለበት። ጋሽ ከድር አየኝና ወርዶ አቀፈኝ። እናቱ ደህና ናቸው፣ አሁንም ከእሱ እጅ ይጎርሳሉ።

«ምነው ተመለስክ? መቼም ጨርሰሃል ብዬ ነበር።»

«ወደቅኩ ጋሽ ከድር።»

«በምን?»

«መለካት አያውቅም ተብዬ።»

ከዚያ ቦርሳዬን ተቀበለኝና የጋቢናውን በር ከፈተ።

«ጓድ ተሾመ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከላይ ይውጡ።»

«ማን? እኔ?»

«ይህ ልጅ ዛሬ ከእኔ ጋር ዱራሜ ደርሶ ይመለሳል፤ ጋቢና ነው የሚቀመጠው።»

ጓድ ተሾመ ተመለከተኝ። «ይህ እኮ ያ ማካፈል የማይችለው ተማሪ ነው» አለ።

«እሱ ነው» አለ ጋሽ ከድር፣ በሩን እንደከፈተ ቆሞ።

ጋራዥ ውስጥ አለቃው ጓድ ተሾመ ነው፤ መንገድ ላይ ግን የመኪና አለቃ ሹፌሩ ነው፣ ይህን ሚኒስትርም አይሽረውም። ጓድ ተሾመ ቦርሳውን አቅፎ በርበሬው ላይ ወጣ። እኔ «ግድ የለም፣ እኔ ልውጣ» ብዬ ተግደረደርኩ፤ የሰማኝ የለም። እስከ ዱራሜ ድረስ ከላይ ሲያስነጥስ እየሰማን ሄድን። ጋሽ ከድር ጉድጓድ በደረስን ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንስና፣ ባሌስትራው አረግርጎ ሲያልፍ ዞር ብሎ እኔን ያየኝ ነበር።